የኃጢአት ሥርየትንና የሥጋ ትንሣኤን በአንድነት እንዴት እንዳስተማርሁ

በባሕር ዳር በማገለግልበት የካቶሊክ ቁምስና፣ ቆሞሳችን በዐቢይ ጾም ለአዋቂ ምእመናን የጸሎተ ሃይማኖትን የመጨረሻ አንቀጾች እንዳስተምር አደራ በሰጡኝ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የወሰንሁት የኃጢአትን ሥርየትና የሙታንን ትንሣኤ ሳልነጣጥል ለማስተማር ነበር። በትምህርተ ክርስቶስ መጻሕፍት ሁለቱ የየራሳቸው ክፍል ስላላቸው ለየብቻ ማስተማሩ የተለመደ ነው። በቅዳሴ ግን «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት፤ ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» እያልን አከታትለን እንጸልያቸዋለን፤ ይህንንም ጸሎት በጎጃም ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያድጋል። ሰው አስቀድሞ በአፉ ከያዘው ጸሎት መነሣት ከየትኛውም መግቢያ ይሻላል ብዬ አመንሁ፤ ዛሬም እንዲሁ አምናለሁ።

ለዝግጅት በዋናነት የመረጥሁት የወንጌል ንባብ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈው የሽባው ታሪክ ሲሆን፣ አራት ሰዎች ጣራ ነድለው ያወረዱትን በሽተኛ ጌታ አስቀድሞ ኃጢአቱ እንደ ተሰረየለት ነገረው፤ ከዚያም አልጋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አዘዘው። ሁለተኛው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ነው። ጌታ በተነሣበት ቀን ማታ፣ ፈርተው በር ዘግተው ወደ ተቀመጡት ደቀ መዛሙርት መጥቶ፣ የተወጉትን እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው፤ በዚያው ምሽት ኃጢአትን ይቅር የማለትን ሥልጣን ሰጣቸው። ከእነዚህ ጋር እ.ኤ.አ. በ1215 የተደረገውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ አራተኛውን የላተራን ጉባኤ፣ አነሣሁ፤ ሰው ሁሉ አሁን በለበሰው በገዛ ሥጋው እንደሚነሣ የመሰከረው ጉባኤ፣ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲናዘዝ የደነገገውም እርሱ ራሱ ነውና።

ትምህርቱ እስከዚህ ድረስ በሰላም ሄደ። ነገሩን ሁሉ ጥልቅ ያደረገው አንድ ጥያቄ ነው። ከገጠር ወደ ልጃቸው ዘንድ የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ተነሡና፣ «መምህር፣ ገዳዩ ተናዞ ሥርየት ካገኘ የወንድሜ ነገር በምን ያልቃል?» አሉ። ወንድማቸው በድንበር ጠብ የተገደለው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠይቋል፣ ሽማግሌዎች አስታርቀዋል፣ የደም ካሳ ተከፍሏል፣ ሁለቱ ወገኖችም አብረው በልተዋል። እርሳቸው ቂም አልያዙም። የጠየቁት ስለ ሟቹ ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ወዲያው መልስ አልሰጠሁም፤ «አባቴ፣ ይህን ሳምንቱን ሙሉ ላስብበት፤ በሚቀጥለው እሑድ ከዚሁ እንጀምራለን» አልኋቸው። ለሚያስተምር ሰው ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ከኀዘን የወጣ ጥያቄ በጥቅስ ብዛት አይመለስም።

በተከታዩ እሑድ በመጀመሪያ ያስረዳሁት፣ በካቶሊክ እምነት ሥርየት ካሳን እንደማያስቀር ነው። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 እንዳስተማረው፣ ከንስሐ ገቢው ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ፤ ከልብ መጸጸት፣ መናዘዝና መካስ። የሰው መሬት የገፋ ሰው ካህን ከፈታው በኋላም ድንበሩን መመለስ አለበት። ሆኖም የትኛውም ካሳ የሞተውን ሰው አይመልስም፤ ገዳዩ ከእግዚአብሔር ጋር ታርቆ ሟቹ ለዘላለም አፈር ሆኖ ቢቀር ኖሮ፣ የእኒህ አባት ጥያቄ መልስ አይኖረውም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሥርየትን ካወጀች በኋላ ትንሣኤን የምትጠብቀው ለዚህም ጭምር ይመስለኛል። እግዚአብሔር በዳዩን ይቅር ሲል ተበዳዩን አይረሳውም፤ በመጨረሻው ቀን ያስነሣዋል፣ ፍርዱንም በሁሉ ፊት ይገልጣል።

ለምሳሌ ያቀረብሁት ቅዱስ እስጢፋኖስን ነው፤ በጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ስላለ ስሙን የማያውቅ አልነበረም። እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ስለ ገዳዮቹ ለመነ፤ ሳውል በመገደሉ ተስማምቶ የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ ነበር። ያ ሳውል ጳውሎስ ሆኖ ስለ ሙታን ትንሣኤ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ከማንም በላይ አብራርቶ ጻፈ። በትንሣኤ ሁለቱ በየሥጋቸው፣ ፊት ለፊት፣ ያለ ኀፍረትና ያለ ቂም ይቆማሉ። አባታችን ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያስ ወንድሜም ይቅር ለማለት ይነሣል» አሉ። እኔ ያልደረስሁበትን ነገር የጨመሩልኝ እርሳቸው ናቸው፤ በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

የሚነሣው ሥጋ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። በዚህ ላይ ከተገለጠልን አልፌ አልተናገርሁም። ጌታ ከተነሣ በኋላ የተጠበሰ ዓሣ በልቷል፣ ቁስሉንም ለቶማስ አሳይቷል፤ ስለዚህ ትንሣኤ የነፍስ መኖር ብቻ አይደለም። ሐዋርያው የተናገረውን የዘር ምሳሌ ግን በጤፍ አስረዳሁት፤ ከዚያች ደቃቅ ፍሬ የሚወጣውን አዝመራ ዘሩን ብቻ አይቶ የሚገምት ገበሬ የለም፤ የበቀለው ግን ያው የተዘራው ነው። ፍልሰታን ማንሣትም ብዙ ረድቶኛል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 እመቤታችን በነፍስና በሥጋ ወደ ሰማይ መወሰዷን የእምነት ድንጋጌ አድርገው አውጀዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም በእርሷ የተፈጸመውን የእኛ ትንሣኤ ቅድመ ምልክት አድርጋ ታየዋለች። በጎጃም ሕፃናት ሳይቀሩ ፍልሰታን ስለሚጾሙ፣ ይህ ትምህርት ከቤታቸው የወጣ ያህል ቀለላቸው።

በመጨረሻው ቀን አንድ ወጣት ቀርቦ፣ አክስቱ በሰው አገር ሞታ አስከሬኗ መቃጠሉን፣ እናቱም «ሥጋ ለሌላት ምን ፍትሐት ይደረግላታል» ብላ መከልከሏን ነገረኝ። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ፣ ትንሣኤን በመካድ እስካልተደረገ ድረስ፣ አስከሬን ማቃጠልን እንደማትከለክል ነገርሁት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የቤተ ክርስቲያን መመሪያም መቅበርን እንደሚያስቀድም፣ አመዱ ተከብሮ በተቀደሰ ስፍራ እንዲቀመጥና እንዳይበተን እንደሚያዝ አስረዳሁት። ሰውን ከአፈር የፈጠረ አምላክ ከአመድ ማስነሣት አይሳነውም። ወጣቱና እኔ አብረን ወደ እናቱ ሄደን ይህንኑ ነገርናት፤ እርሷም ከቆሞሳችን ጋር ተመካክራ፣ ለእኅቷ የአርባውን ጸሎት በቁምስናችን አስደረገች።