የኪሎ እቁብ

ሐዋሳ ውስጥ ያለ አንድ የቡና መጋዘን ነው የምሠራው። የእኔ ሥራ ወረቀት ነው፤ የገባውንና የወጣውን እመዘግባለሁ። መጋዘን ውስጥ ሚዛን አይጠፋም። አንድ ቀን ጫኝና አውራጆቹ መኪና ሲጠብቁ ሰለቻቸውና ሾፌራችንን «እስኪ ና ውጣ» አሉት። ወጣ። 96 ኪሎ። ለኤክስፖርት የሚዘጋጅ ቡና ጆንያው 60 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «ጆንያ ተኩል» ሲሉት ዋሉ።

እሱ ግን ፉገራው አልጣመውም። ጤና ጣቢያ ሄዶ ስኳርህ ከፍ እያለ ነው፣ ክብደት ቀንስ ተብሎ ነበር። ይህንን ሻይ ላይ ሲነግረን የሒሳብ ክፍሏ ልጅ «ታዲያ ለምን እቁብ አንጥልም?» አለች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። በየወሩ ሁላችንም እኩል እናዋጣለን፤ ወሩ ሲያልቅ ከሁሉም በላይ ኪሎ የቀነሰ ይወስዳል። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ሚዛኑ ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዳኛ ተባሉ። እሳቸው ራሳቸው የሚቀነስ ነገር የላቸውም፤ ለዳኝነት የተመረጡትም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ወር ሰርግና ምላሽ ነበር። ሁሉም ቀነሰ። ስኳር በሻይ ቀረ፣ ድራፍት ቀረ፣ ቅዳሜ ጠዋት ታቦር ተራራ የሚወጣ ሰው በዛ። ሾፌራችን በአንድ ወር አምስት ኪሎ ጥሎ እቁቡን በላ። ጋሼ ብቻ ናቸው ያልተደነቁት። «ይሄ እርጥበት ነው» አሉ። «ቡናም መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቶሎ ይቀላል። ወደ ውስጥ ያለው ነው የሚያስቸግረው።»

እውነታቸውን ነው። ሰው ምግብ ሲቀንስ ሰውነቱ መጀመሪያ የሚጠቀመው በጡንቻና በጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ነው። ያ ስኳር አንድ ግራሙ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስኳሩ ሲያልቅ ውኃውም አብሮት ይወጣል። ሚዛኑ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሰውየው ስቡ የቀለጠ ይመስለዋል። አንድ ኪሎ ስብ ግን 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በደንብ ሄዷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ወር ላይ ሚዛኑ ቆመ። ሾፌራችን 90 ላይ ተቸከለ። ያንኑ ይበላል፣ ያንኑ ይራመዳል፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ይህም ምክንያት አለው። ሰውነት ሲያንስ የሚያስፈልገው ምግብም ያንሳል፤ ትናንት ያከሳህ ሳህን ዛሬ ባለህበት የሚያቆምህ ሳህን ይሆናል። በዚያ ላይ ረሃቡ ይብሳል፤ ስብ ሲቀንስ ሰውነት የጥጋብን መልእክት የሚያደርሰውን ሆርሞን ያሳንሰዋል። ሰው ይህንን ካላወቀ «እኔ ላይ አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ብዙ ሰው የሚተወውም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ።

የኛዎቹ ግን አልተዉትም፤ ገንዘብ አለበታ። ማጭበርበር ጀመሩ እንጂ። ሚዛን ሊወጡ ሲሉ ቀበቶ፣ ስልክ፣ ሳንቲም ማውለቅ የዋህ ዘመን ሆነ። ከዋዜማው ጀምሮ የማይበላ መጣ። ሁለት ጃኬት ደርቦ የሚሮጥ መጣ። ወሩ ሲጀመር ደግሞ ሁለት ሊትር ውኃ ጠጥቶ የሚመዘን ነበር፤ በኋላ ብዙ የቀነሰ እንዲመስል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሾፌራችን ተመዝኖ ጭነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ ነው። ከትናንት ጀምሮ ውኃ በአፉ አልዞረም፤ ይህንን ያወቅነው በኋላ ነው። ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ቁጥሩን አየ፣ ፈገግ አለ። ሲወርድ እግሩ ከዳው። ጆንያ ላይ ተደግፎ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፤ የመኪናው ቁልፍ ግን ከእጁ አልወደቀም።

ጋሼ አጠገቡ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን አምጣ።»

«ደህና ነኝ ጋሼ፣ ትንሽ አዞረኝ እንጂ…»

«አምጣ አልኩህ።»

ተቀብለው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት። እትዬ ከሻይ ቤቱ ውኃና ትንሽ ስኳር ይዘው መጡ። ባጃጅ ተጠርቶ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ነው ተባለ፤ ጠጥቶ አርፎ ወደ ከሰዓት ተመለሰ። ጭነቱን ሌላ ሰው ይዞት ሄደ። ያንን መኪና ይዞ ከከተማው መውጫ ያለውን ጥቁር ውኃን ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ ቢያዞረውስ ኖሮ? ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም እንጂ ሁላችንም ያሰብነው ያንን ነው።

ሰኞ ስብሰባ ሆነ። «እቁቡ ይፍረስ» የሚሉ ነበሩ። ጋሼ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና እንዲህ አሉ፦ «ቡና ሻጭን በኪሎ ብቻ ከከፈልከው እርጥብ ያመጣልሃል። ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ የከፈልከው ለኪሎ ነዋ። እናንተም የከፈላችሁት ለሚዛኑ ነው። ልጁ ሚዛኑን አስደሰተው።»

ደንቡ ተቀየረ። ኪሎ የየግል ጉዳይ ሆነ፤ የፈለገ ይመዘናል፣ ያልፈለገ አይመዘንም። እቁቡ የሚቆጥረው እግርን ሆነ። ከሥራ በኋላ ከመጋዘኑ ተነስተን ፍቅር ሐይቅ ድረስ በእግር፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ቢያንስ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ወሩን ያልፎረፈ ሁሉ ስሙ በወረቀት ተጠቅልሎ የጋሼ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እንደ ማንኛውም እቁብ ዕጣ ነው።

አምስት ቀን በግማሽ ሰዓት 150 ደቂቃ ይመጣል። ቁጥሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። ስኳራቸው ከፍ ያለ ግን ገና የስኳር በሽታ ያልያዛቸው ከ3,200 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንዱ ቡድን የተሰጠው ግብ ከክብደቱ 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። መድኃኒት የሌለበት የይስሙላ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ለሾፌራችን 7 በመቶ ማለት ሰባት ኪሎ እንኳን አይሞላም። ይህንን ስነግረው በጣም ተገረመ። እሱ በሐሳቡ 70 ኪሎ የነበረበትን የወጣትነት ጊዜ ነበር የሚያሳድደው። 90 ላይ ተቸክሎ «ምንም አልሆነልኝም» ሲል ከሚያስፈልገው አብዛኛውን ጨርሶ ነበር።

ሁሉም ግን አልተደሰተም። ከሁሉም በላይ ሲቀንስ የነበረው የጫኞቹ አለቃ ጨሰ። «እኔ ልልፋ፣ ዕጣ ለሌላ ይውጣ?» ብሎ እቁቡን ለቀቀ። አልፈርድበትም፤ ገብቶ የነበረው ለውድድር ነው።

ለእኔ ግን ሰዉን ያቆየው ብሩ አይመስለኝም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ቆሞ የሚጠብቅህ ሰው ካለ ጫማህን ትቀይራለህ። ደክሞሃል፣ ደብሮሃል፣ ዝናብ አዝሏል፤ ግን የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ቦርሳዋን አንግታ «ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?» ትልሃለች። ሞራል የሚባለውን ነገር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። የኛ ሰዎች ሞራላቸው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ፣ ሐይቁ መታየት ሲጀምር ነው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ብዙ ሰው 55 ቀን ሲጾም የሚከሳ ይመስለዋል። ሥጋና ቅቤ ቀረ ማለት ግን ካሎሪ ቀረ ማለት አይደለም። ዳቦው፣ ፓስታው፣ ሳምቡሳው አለ፤ ሁሉም ዘይት ይጠጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ነው። እትዬን ሽሮው ላይ ከጄሪካኑ እንዳያንቆረቁሩ ለመንናቸው። «እንግዲህ ዘይትም በልኬት ልታበሉኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። በሳምንቱ ግን በቡና ስኒ እየለኩ ሲጨምሩ አየናቸው። ዘይቱ ስለተወደደ ነው አሉ እንጂ ለእኛ ብለው አይደለም። ፋሲካ ሲመጣ ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ጨመረ። ማንም ወደ ሚዛኑ አልቀረበም። ማክሰኞ ግን በሩ ጋ ነበሩ።

ሾፌራችን አሁን 88 ነው። ሌላ ጊዜ ወደ ኢሱዙው ሲወጣ የበሩን እጀታ ይዞ አንዴ ቆም ብሎ ይተነፍስ ነበር፤ አሁን ዘው ይላል። ጤና ጣቢያም ስኳርህ ከበፊቱ ወርዷል ብለውታል። ባለፈው ወር ዕጣው የወጣው ለሒሳብ ክፍሏ ልጅ ነው፤ ያን ወር አንድ ኪሎ እንኳን አልቀነሰችም። የጫኞቹ አለቃ ይህንን ሲሰማ መጋዘኑን በሳቅ ሞላው። እሷ ግን በብሩ ስኒከር ገዛች።

አሁን ክርክራችን ብስክሌት ነው። ሐዋሳ ሜዳ ነው፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ «ብስክሌትም ይቆጠርልን» የሚሉ መጥተዋል። ጋሼ ይቆጠራል ብለዋል፤ ሞተር ያለው ግን አይቆጠርም።