ከሸክላው ሥዕል እስከ ሲፓን መቃብር

የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ በክረምቷ ፀሐይ የላትም። ጭጋጉ ከባሕር ተነስቶ ከተማዋን ይጫናታል፤ የረባ ዝናብ ግን ጠብ አይልም። ለሙዚየም የሚሆን አየር ነው። እኔም ፑዌብሎ ሊብሬ ወደሚባለው ሰፈር ሄጄ ላርኮ ሙዚየም ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ1926 ራፋኤል ላርኮ ኦይሌ የመሠረተው ነው።

እዚህ ቤት መጋዘኑም ለጎብኚ ክፍት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሸክላ በመስታወት መደርደሪያ ከታች እስከ ላይ ተጠቅጥቋል። የሰው ፊት፣ ዳክዬ፣ ድንች፣ ምን የሌለ አለ! (ወሲብ ነክ ሸክላዎች ለብቻቸው ሳሎን አላቸው። ከቤተሰብ ጋር የምትሄዱ አስቡበት።)

በቀለም ከሆነ የጥንቶቹን የደቡብ ፔሩ ሰዎች የናስካዎችን የሚያህል የለም። ሸክላው ከመተኮሱ በፊት ባለቀለም ጭቃ ይቀቡታል። አንድ ዕቃ ላይ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ግራጫና ወይን ጠጅ አብረው ታገኛላችሁ። አደንጓሬና ቃሪያ ይስላሉ፤ ከንፈሩ በእሾህ የተሰፋ የተቆረጠ ጭንቅላትም ይስላሉ።

እኔን የያዙኝ ግን የጥንቶቹ የሰሜን ፔሩ ሰዎች የሞቼዎች ሥራዎች ናቸው። ከ1ኛው እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የኖሩ ናቸው። ቀለማቸው ሁለት ብቻ ነው፤ በክሬም መደብ ላይ ቀይ ቡኒ። የዕቃው አንገት እንደ ፈረስ እርካብ ሁለት ሆኖ ይወጣና ላይ ይገጥማል። ሥዕሉ ሆዱን ዞሮ ስለሚሄድ ከፊት ለፊት ቆሞ ማየት አይበቃም።

አንዱ ትዕይንት እየተደጋገመ ይመጣል። ከታች እርቃናቸውን የሆኑ የታሰሩ ምርኮኞች አሉ፤ ጉሮሯቸው ይቆረጣል፣ ደማቸው ይቀዳል። ከላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጌጥ በራሱ ላይ የደፋ፣ ከገላው ጨረር የሚወጣ ሰው ቆሟል። የወፍ መልክ ያለው አንዱ ዋንጫ ያቀብለዋል። ከኋላ አንዲት ሴት ዋንጫ ይዛ ትከተላለች።

አስጎብኚው ለእያንዳንዱ ምልክት ፍቺ አላጣም። ጠመዝማዛው ማዕበል ነው፣ ደረጃው ተራራ ነው ይላል። ይሁን። ግን ሞቼዎች ጽሕፈት አልነበራቸውም፤ በምን ይረጋገጣል? ይቺ ጥያቄ አላስቀመጥ አለችኝና የሌሊት አውቶቡስ ይዤ ወደ ሰሜን ሄድኩ።

ላምባየኬ በምትባለው ከተማ የሲፓን ነገሥታት መቃብር ሙዚየም አለ። ታሪኩ የጀመረው በሌቦች ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መቃብር ዘራፊዎች ሲፓን በሚባል የሞቼዎች መቃብር ቦታ ወርቅ አገኙ፤ ወሬው ፖሊስ ጆሮ ደረሰና አርኪዮሎጂስቱ ዋልተር አልቫ ተጠራ። እሱና ባልደረቦቹ ሲቆፍሩ ያልተነካ መቃብር አገኙ። ሟቹ ሲወጣ ጌጡ ያ ሸክላ ላይ ያለው ሰውዬ ነው! የጨረቃው ጌጥ ሳይቀር አለ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ሥዕሉን የአማልክት ተረት ያደርጉት ነበር።

የአንገት ሐብሉ ፊት ረጅም ሰዓት ቆምኩ። ትልልቅ የኦቾሎኒ ፍሬዎች ናቸው፤ በቀኝ በኩል 10 የወርቅ፣ በግራ 10 የብር። የልጡ ጎርበጥባጣ እንኳ አልቀረም። ወርቁ ፀሐይ ብሩ ጨረቃ ነው ይላሉ፤ ይህኛውን ለማመን አልተቸገርኩም።

እዚያው ሲፓን ሌላ መቃብር ውስጥ ደግሞ የጉጉት ጌጥ የደፋና ዋንጫ የያዘ ሰው ተገኘ፤ የወፉ ሰውዬ መሆኑ ነው። ሴትዮዋስ? እሷም አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሳን ሆሴ ዴ ሞሮ በሚባል ቦታ አንዲት ሴት ከእነዋንጫዋ ተቀብራ ተገኘች፤ ከመዳብ የተሠራው የራስ ጌጧም ሸክላው ላይ እንደተሳለው ነበር።