አበልጅ

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ አብራኝ የምትሠራ ሴት አንድ ወረቀት ዘርግታ አገኘኋት። የቅድመ አያቶቿ የክርስትና መዝገብ ቅጂ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ ሳን ፈርናንዶ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈ። ጣቷን አንድ ስም ላይ አሳርፋ "ክርስትና ያነሳው ይሄ ነው። ለሕፃኑ ወላጆች ኮምፓድሬ ይባላል" አለችኝ።

"እኛም እኮ ቃል አለን፤ አበልጅ እንላለን" አልኳት። ደጋግማ አስባለችኝ።

ወረቀቱን ጠጋ ብዬ አየሁት። በአባት በኩል፣ በእናት በኩል፣ በክርስትና አባት በኩል፣ ሦስቱም ጋ ያው የቤተሰብ ስም!

እ.ኤ.አ. በ1731 ከስፔኖቹ ካናሪ ደሴቶች 16 ቤተሰቦች መጥተው እዚህ ሰፈሩ። ከ1718 ጀምሮ የነበሩ የወታደር ቤተሰቦች ቀድመዋቸዋል። መጀመሪያ በመሬትና በውሃ ተጣሉ። ግን ስፔን ሩቅ፣ ሰዉም ጥቂት ነው። ልጆቻቸው ተጋቡ። ያልተጋቡት አበልጅ ሆኑ። ቅርብ ዘመዳሞች ሲፈላለጉ ዝምድናው ተቆጥሮ የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው ማለት ነው። አበልጅነትም ያኔ እንደ ሥጋ ዝምድና ጋብቻ ይከለክል ነበር። ይሄም ከእኛው ጋር አንድ ነው።

ውስጤ የቀረው ይሄ ነው። ዘመድ የሌለው ሰው በባዕድ አገር ዘመድ ይሠራል፤ እነሱ በጥምቀት ውሃ ሠሩት።

"ያንቺስ አበልጅ የት ናት?" አለችኝ ወረቀቱን እያጠፈች።

አዲስ አበባ ናት። ከፋሲካ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። ከሥራ እንደወጣሁ መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩላት።