«አንድ ሰውዬ አርባ ደቂቃ ቆሟል»

ሙዚየም ውስጥ ሴኩሪቲ ስትሆን በብዛት የምትጠየቀው ስለ ሥዕል አይደለም። «ሽንት ቤት የት ነው?» ነው። ቀጥሎ «ፎቶ ማንሳት ይቻላል?» ይመጣል። የዘመናዊ ሥራዎች ክፍል የተመደብኩ ቀን ደግሞ «አሁን ይሄም ጥበብ ተባለ?» ይጨመርበታል። ለሱ መልስ መስጠት ሥራዬ ስላልሆነ ፈገግ ብዬ አልፈዋለሁ።

የምሠራበትን ሙዚየም ስም አልጠራም። አሜሪካ፣ ምሥራቁ ጠረፍ ላይ ካሉት አንዱ ነው እንበል። የሚከፈለኝ ቆሜ እንዳይ ነው። የማየው ግን ሥዕሉን ሳይሆን ሥዕሉን የሚያየውን ሰው ነው። እጁ የት ነው? ቦርሳው ከጀርባው ወርዷል? ልጁ ምን እየበላ ነው? ብዙ ሰው ሌባ የሚያስቸግረን ይመስለዋል። የባሰው ሰልፊ ነው። ሰው ስልኩን እያየ ወደ ኋላ ሲራመድ የሚሊዮን ዶላር ቅርጽ ከጀርባው መቆሙን ይረሳል።

እዚህ ሥራ ላይ ትንሽ የቆየ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገለጥለታል። ጎብኚ አይቆምም። ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት አለ። ሰዎች ታላላቅ በሚባሉ ሥዕሎች ፊት የቆዩት በአማካይ 27 ሰከንድ ግድም ነው። አማካዩንም ወደ ላይ የሳቡት ጥቂት ቆዪዎች ናቸው፤ ግማሹ ሰው ከ17 ሰከንድ አላለፈም። እኔ ሳየው ደግሞ ከዚያችው ላይ ገሚሷ ግድግዳው ላይ ያለችውን ማብራሪያ በማንበብ ታልቃለች።

የእኛም ሰው ያው ነው። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣበት ይዞት ይመጣል። በር ላይ አንድ ፎቶ፣ ትልቁ ቅርጽ ጋ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ «በቃ እንውጣ፣ የፓርኪንጉ ሰዓት ሊሞላ ነው»። አልፈርድባቸውም፣ ፓርኪንጉ እውነትም ያቃጥላል።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱፐርቫይዘሬ በራዲዮ ጠራኝ። ካሜራ ክፍል ነበር። «አጠገብሽ ያለው አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰውዬ አርባ ደቂቃ ቆሟል። ያው አንድ ሥራ ፊት። ይጠጋል፣ ጎንበስ ቀና ይላል፣ በጣቱ ያመለክታል። ሄደሽ እይው» አለኝ።

ሱፐርቫይዘሬን ወዲያው አትውቀሱት። በ2023 ኤፕሪል ላይ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ የአየር ንብረት ተቃዋሚዎች የፈረንሳዊውን አርቲስት የኤድጋር ደጋን «ትንሿ ዳንሰኛ» የተባለ ቅርጽ የያዘውን የመስታወት ሳጥን ቀይና ጥቁር ቀለም ቀብተውት ነበር። ቀደም ባለው ዓመት ደግሞ ለንደን ላይ የቫን ጎ «የሱፍ አበቦች» ሥዕል ላይ የቲማቲም ሾርባ ተደፍቷል። እኛ ጋ የሚሠራ ሰው ሁሉ ደንግጧል። ትልቅ ጃኬት የለበሰ ሰው ባየን ቁጥር ውስጡ ጣሳ ያለ ይመስለናል።

ሄድኩ። ገና ከበሩ አወቅኳቸው። ሽበታም፣ ኮት በሹራብ ላይ ደርበው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። እንደዚያ የሚቆም ሽማግሌ የየት አገር ሰው እንደሆነ ፓስፖርት አያስፈልገውም። አልፎ አልፎ አንዱን እጅ አውጥተው በአየር ላይ የሆነ ነገር ይቆጥራሉ። መልሰው ደግሞ ወደ ኋላ ያጣምሩታል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝና ፊታቸው በራ። «አበሻ ነሽ እንዴ! እግዜር ይመስገን። ነይ፣ ነይ እስቲ። ይቺን እይልኝ።»

ፊታቸው ያለው ኤል አናትሱይ የሚባሉ አርቲስት ሥራ ነው። ከሩቅ ስታየው ወርቃማ ጥለት ያለው ትልቅ ጨርቅ ግድግዳ ላይ የተጣለ ይመስላል። ስትጠጋ ጨርቅ የለም። የአረቄ ጠርሙስ ክዳን ነው። በሺዎች የሚቆጠር የአሉሚኒየም ክዳንና የጠርሙስ አንገት ማሰሪያ፣ ተጠፍጥፎ፣ ጥግ ጥጉ ተበስቶ፣ በቀጫጭን የመዳብ ሽቦ አንዱ ካንዱ ታስሯል። የአንዳንዱ አረቄ ስም አሁንም ይነበባል።

እኔ በዚያ በኩል ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ሰውየው ያሳዩኝን ግን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም። አዲስ አበባ እያሉ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበሩ። ከዘይት ጣሳ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ሲሠሩ ኖረው፣ ልጆቻቸው ናቸው እዚህ ያመጧቸው።

«ይኸውልሽ» አሉኝ። «ጣሳ ሲቆረጥ ጠርዙ ምላጭ ነው፣ እጅ ይበላል። ቀዳዳዋን እያት፣ በማሽን አይደለም፣ በእጅ ነው የተበሳችው። ይቺኛዋ ወደ ጠርዙ ተጠግታለች፣ ያቺ ደግሞ ገባ ብላለች። የተለያየ ሰው ነው የሠራው። እዚህ ጋ ያለው ልጅ ሽቦውን ሁለቴ ጠምዝዞ ይቆርጣል። እዚያኛው ሦስቴ። እኔ ብሆን ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈው ነበር፣ እንዲህ ከተውት ልብስ ይይዛል።»

የሚያውቁት ነገር የለም ብዬ የአርቲስቱን ታሪክ ነገርኳቸው። በ1944 ጋና መወለዳቸውን፣ ናይጄሪያ፣ ንሱካ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ማስተማራቸውን፣ ክዳኖቹን የሚያያይዙትም ብዙ ረዳቶች መሆናቸውን። በ2015 ቬኒስ ላይ በሚካሄደው ትልቅ የጥበብ ትርኢት የዕድሜ ልክ ሽልማት፣ «ወርቃማው አንበሳ» የሚባለውን፣ ማግኘታቸውንም ጨመርኩ። ሽልማቱ ምንም አልመሰላቸው። «ብዙ ረዳቶች» ስል ግን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አላልኩሽም?»

ከዚያ ጠየቁኝ። «መንካት ይቻላል?»

«አይቻልም ጋሼ።»

«ልጄ ዋሽንግተን ወስዶኝ ያንን የቬትናም ዘማቾች ጥቁር ግድግዳ አሳይቶኛል። ሰው ሁሉ በእጁ ይዳስሰው የለ? ወረቀት አድርገው በእርሳስ ስም ሲያወጡ አይቻለሁ። እዚህ ምነው?»

ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። ማያ ሊን ሠርታው በ1982 የተመረቀው ያ ግድግዳ በጦርነቱ የሞቱና የጠፉ ከ58 ሺህ በላይ ዘማቾች ስሞች አሉት። ሰው የሚሄደው የሚያውቀውን ስም በጣቱ ለመዳሰስ ነው። ግራናይትም ስለሆነ ይችለዋል። እዚህ ግን ስስ ብረትና ስስ ሽቦ ነው። የእጅ ላብ ጨው አለው፣ ብረቱን ቀስ እያለ ያጠቁረዋል። ይህን ስነግራቸው ክርክሩን አቆሙ። ብረትና ላብ እሳቸውን ማስረዳት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያሉት ነው ያስደነቀኝ። «ባለፈው ስመጣ ግን እንዲህ አልነበረም።»

«እንዴት?»

«በግራ በኩል አንድ ትልቅ እጥፋት እስከ ታች ይወርድ ነበር። አሁን ወደ ላይ ሰብስበውታል። ማን ነው የነካካው?»

እውነታቸውን ነው። አዳራሹ ቀለም ሲቀባ ሥራው ወርዶ እንደገና ተሰቅሏል። እኔ የማውቀው ሺፍት ላይ ስለነበርኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ሰው ሲያልፍ አንድም ጎብኚ አንስቶት አያውቅም። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1961 ኒውዮርክ ላይ የሠዓሊው የማቲስ «ጀልባዋ» የተባለው ሥራ ተዘቅዝቆ ተሰቅሎ 47 ቀን ቆይቷል። መጨረሻ ላይ የያዘችው የአክሲዮን ደላላ የነበረች ጎብኚ ናት፣ እሷም ተመላልሳ አይታ ነው።

በዚህ መሀል ሱፐርቫይዘሬ ራሱ ወረደ። የራዲዮውን መልስ ሳላሰማው ቆይቼበት ኖሯል። ሰውየውን አስተዋወቅኩት። የሚሉትን ተረጎምኩለት። መጀመሪያ ፊቱን እንዳኮሳተረ ነበር። የሽቦው ሁለቴና ሦስቴ ጋ ስንደርስ እሱም ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። በካሜራው ውስጥ ከላይ የሚያየን ሰው ካለ ሦስት ተጠርጣሪ ሳይቆጥር አልቀረም።

በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሳሁት። ሰው መቆየቱ በራሱ ምንም ምልክት አይደለም አልኩ። ቤቱን የሠራነው ሰው ቆሞ እንዲያይ ነው፤ የቆመውን አንድ ሰው ካባረርን ማን ቀረን? እኔ እንደታዘብኩት፣ ክፉ ያሰበ ሰው ሥራውን ብዙ አያይም። የሚያየው እኛን ነው። ካሜራው የት እንዳለ፣ በሩ የት እንዳለ፣ ሴኩሪቲዋ ወዴት እንደዞረች። ዓይኑ ሥራው ላይ የተተከለ፣ እጁ ወደ ኋላ የታሰረ ሰው ሰላምታ ነው የሚያስፈልገው። ሰላምታ ደግሞ ለሁለቱም ይሠራል። ደህናው ይደሰታል፣ ክፉ ያሰበው መታየቱን ያውቃል።

አንዳንዱ ባልደረባዬ ሳቀ። «አንቺ ዘመድሽ ስለሆነ ነው» ያለም አለ። ትንሽ እውነት አለው። ሰውየው ሌላ ቋንቋ ቢናገሩ ኖሮ ያንን ሁሉ አልሰማም ነበር። ሱፐርቫይዘሬ ግን ከዚያ በኋላ በራዲዮ «ሄደሽ እይው» ማለቱን ትቶ «ሄደሽ ሰላም በይው» ማለት ጀምሯል።

በነገራችን ላይ በ2022 የባልቲሞር ሙዚየም 17 የጥበቃ ሠራተኞቹን ሥራ አስመርጦ ሙሉ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቷል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ገና አልታሰበም። ቢታሰብ የማቀርበው አለኝ።

ጋሼ አሁንም ይመጣሉ። መግቢያው ላይ የሚታጠፍ ወንበር በነፃ እንደሚሰጥ ስለነገርኳቸው ተቀብለው ገብተው ይቀመጣሉ። የእጥፋቱን ጉዳይ ሥራ ለሚሰቅሉት ልጆች አድርሼላቸው ነበር። መልሳቸው፣ አርቲስቱ ቋሚ ቅርጽ አይሰጡም፣ ሥራው በተሰቀለ ቁጥር የሰቀለው ሰው በመሰለው እንዲያጥፈው ይፈቅዳሉ የሚል ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ይፍቀድ» አሉ። «ግራው ግን ተጨማዷል።»

እውነት ለመናገር እኔም ግራው አልጣመኝም።