የአባቴ ወገብ

አባቴ «ወገቤን!» ማለት የጀመረው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ነበር። የእድሜ ነው አልን። ቅባት ቀባነው፣ ማስታገሻ ገዛንለት፣ ፍራሹን ሳይቀር ቀየርንለት። ወራት አለፉ። በመጨረሻ ሐኪሙ «ከፕሮስቴት የተነሳ ካንሰር ነው፣ አከርካሪው ላይ ደርሷል» ሲለን ሁላችንም አንድ ነገር ነው የጠየቅነው። ሽንቱን ምንም ሳይቸገር እንዴት?

ጥያቄው እንቅልፍ ነስቶኝ ብዙ አነበብኩ። ቀድሜ ባውቀው ኖሮ እያልኩ ስለምቆጭ ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች ያለ ትንሽ እጢ ነው፤ የሽንት ቧንቧው በመሃሉ ያልፋል። እድሜ ሲገፋ ብዙ ወንዶችን የሚያስቸግረው፣ ካንሰር ያልሆነው እብጠት የሚያድገው ቧንቧውን ከከበበው ክፍል ነው። ስለዚህ ሽንት ቶሎ ያስቸግራል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። ካንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከውጨኛው ክፍል፣ በፊንጢጣ በኩል ካለው ጎን ነው። ከቧንቧው ይርቃል። ቧንቧውን እስኪጫነው ድረስ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፣ ሰውየውም በዚህ ሁሉ ጊዜ ደህና ነኝ ብሎ ይኖራል።

ሲሰፋ መጀመሪያ አጠገቡ ያሉትን ይነካል፤ የዘር ፈሳሽ ከረጢቶችን፣ የፊኛውን አንገት። ያኔ ሽንት ይቆራረጣል፣ በሽንት ወይም በዘር ፈሳሽ ውስጥ ደም ሊታይ ይችላል። በዳሌ ውስጥ ያሉትን ንፍፊቶች ሲይዝ ደግሞ አንዳንዱን ሰው እግሩን ያሳብጠዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚሄደው ወደ አጥንት ነው። አከርካሪ፣ ዳሌ፣ ጎድን፣ የጭን አጥንት። ከዳሌ ወደ አከርካሪ የሚሄዱት ደም ሥሮች ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ የላቸውም፤ ስለዚህ የካንሰሩ ሴሎች ከደሙ ጋር ወደ አከርካሪው ሊሻገሩ ይችላሉ፤ ኦስካር ባትሰን የተባለ ተመራማሪ ይህን መንገድ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። የአጥንት መቅኔም ለእነዚህ ሴሎች ይመቻቸዋል። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ አጥንቱን ከመሸርሸር ይልቅ አዲስ አጥንት ያበቅሉበታል፤ ግን የበቀለው አጥንት ሥርዓት የሌለውና ደካማ ስለሆነ በትንሽ ነገር ይሰበራል። አጥንት ላይ ቢደርስም «የአጥንት ካንሰር» አይባልም። የፕሮስቴት ካንሰር ነው፣ የሚታከመውም እንደዚያው ነው።

የአባቴ ህመም ከተለመደው የወገብ ህመም የሚለየው በአንድ ነገር ነበር። ጋደም ሲል አይለቀውም። ሌሊት እንዲያውም ይብስበታል። ድካሙ፣ የምግብ ፍላጎቱ መጥፋት፣ ሱሪው እየሰፋው መሄዱ፣ ሁሉም አብረው መጥተው እኛ ለየብቻ ነበር የምናያቸው። መቅኔው ሲጠቃ ደም ማነስም ይከተላል።

አንዱን ግን እባካችሁ አትርሱብኝ። እንዲህ ያለ የወገብ ህመም ያለበት ሰው እግሩ ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ በጭኑ መሃልና በመቀመጫው አካባቢ ስሜት ካጣ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ ህብለ ሰረሰሩ እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ነገ አይባልም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ሰዓታት ማለፋቸው በእግር በመሄድና ባለመሄድ መካከል ልዩነት ያመጣል።

አባቴ የጨረር ሕክምና ወሰደ፣ ካንሰሩን የሚመግበውን የወንድ ሆርሞን የሚቀንስ መርፌም ይወጋል። ህመሙ ቀሎለታል፣ ሌሊት ይተኛል። ጫማውን የማስርለት ግን አሁንም እኔ ነኝ።

አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ወንድ የመያዝ እድሉ እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜን ፒኤስኤ የሚባለውን፣ ከፕሮስቴት የሚወጣ ፕሮቲን በደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚለካውን ምርመራ ስለማድረግ ሐኪም እንዲያማክር ነገርኩት። ቁጥሩ በኢንፌክሽንም፣ ካንሰር ባልሆነው እብጠትም ከፍ ሊል ይችላል፤ ከፍ ቢል እንዳይደነግጥ ይህንንም ነግሬዋለሁ። «ምንም አያመኝም እኮ» አለኝ። አባታችንም ሽንቱን ምንም አላመመውም ነበር አልኩት። ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ነው፣ አብሬው እሄዳለሁ።