«ፍሬኑ ምንም አልሆነም»

ደሴ ውስጥ በአንድ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ፍሬን የእኔ ሥራ አይደለም። ያን ቀን ግን የኋላ ስቶፕ መብራት ልሠራ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ገብቼ ሽቦ ስከታተል የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። ይህን ሽታ አንዴ ያወቀ ሰው ከሌላ ነገር ጋር አያምታታውም።

ሾፌሩ ስልሳን የተሻገሩ ጨዋ ሰው ናቸው። ከወልዲያ ማሽላ ጭነው ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ ነበር። መኪናው የራሳቸው ነው፣ የባንክ ዕዳው ግን ገና አላለቀም። ረዳታቸው የእህታቸው ልጅ ነው።

የፍሬን መካኒካችንን ጠራሁት። አንዱን የኋላ ጎማ አወረደና ታምቡሩን፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውንና ሸራው ተጭኖ የሚያቆመውን ብረት ሳበው። ሸራው እስከ ሪቬቱ፣ እስከ ያዘው ምስማር ድረስ ተበልቷል። ታምቡሩ ሙቀት የመታው ብረት ሆኖ ሰማያዊ ጠባሳ ይዟል፣ በመሃሉም ቀጫጭን ስንጥቆች ይታያሉ።

አገሩን ለማያውቅ ሰው ልናገር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። በሐረጎ በኩል ጠመዝማዛውን ይዞ ወደ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ጭነቱን ጨምሮ 20 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ቁልቁለት ሲወርድ የሚወጣው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር ወደ 350 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከባድ ማርሽ ያስገባ ሾፌር ብዙውን ለሞተሩ ያሸክመዋል። የቀረውን የሚችለው ሸራና ታምቡር ነው። ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ ፔዳሉን ቢረግጡትም አይዝም።

መካኒኩ ይህን ሁሉ በትሕትና አስረዳቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩና «ምንም አልሆነም፣ ገና ብዙ ይሠራል» አሉ።

ስንጥቁን በጣቱ አሳያቸው። «እሱ መኪናውን ስገዛውም ነበረ።»

ሸራውን አሳያቸው። «እሱን ያስቀየርኩት በቅርቡ ነው።»

ታዲያ በቅርቡ ከተቀየረ ለምን አለቀ? «አላለቀም። እኔ ደግሞ የምወርደው በማርሽ ነው፣ ፍሬን አላበዛም።»

በማርሽ ከወረዱ ታምቡሩን ምን አቃጠለው? እዚህ ላይ ተቆጡ። «ሠላሳ ዓመት ሐረጎን ስወርድ ማን ነካኝ? እናንተ ሥራ ሲጠፋ ጤነኛ መኪና ታሳምማላችሁ!»

መልሶቻቸውን አንድ በአንድ ለሰማቸው ያስኬዳሉ። አንድ ላይ ግን አይቆሙም። እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። መካኒኩ ማስረጃ በጨመረ ቁጥር እሳቸው የበለጠ ይጠነክራሉ። ረዳታቸው ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ ነው።

እኚህን ሰው አላዋቂ ማለት አይቻልም። ስለ ፍሬን ከእኔ በብዙ ይበልጣሉ። ሊዮን ፌስቲንገር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ባቀረበው ሐሳብ ላይ የአጫሹን ሰው ምሳሌ ያነሳል። ሲጋራ እንደሚጎዳው የሰማ አጫሽ ውስጡ ይረበሻል። ከረብሻው ለመውጣት ወይ ማጨሱን መተው አለበት፣ ወይ ስለ ጉዳቱ ያለውን አስተሳሰብ መቀየር። ማጨስ መተው ከባድ ነው፤ ሐሳቡን መቀየር ይቀለዋል። ብዙ ሰው የሚቀለውን ይመርጣል።

«እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ?» የሚለው ደግሞ በጣም የተማሩትንም ይይዛል። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተነሳች በ73 ሰከንድ ውስጥ ስትበታተን 7 ሰዎች ሞቱ። መነሻው የሮኬቷ መጋጠሚያ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ነው። ያ ቀለበት በቀደሙ በረራዎችም ተበልቶ ታይቶ ነበር። በሰላም በተመለሱ ቁጥር ግን አደጋው እየተለመደ፣ እንደሚቻል ነገር እየተቆጠረ ሄደ።

እዚሁ እኛ ዘንድም በየቀኑ አየዋለሁ። የደም ግፊቱ ሲለካ ማሽኑ ነው የተበላሸው የሚል አለ። ለደላላ ብር ከፍላ፣ ደላላው ስልኩን ካጠፋ ወራት አልፈው እንኳ «ቪዛው ይመጣል» የምትል እናት አለች። ቪዛው እንደማይመጣ ካመነች የተበደረችውን ብርም፣ የልጇን ተስፋም በአንድ ቀን ልታጣ ነው። እኔ በእሷ አልፈርድም።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። አለቃችን ከቢሮው ሆኖ ጭቅጭቁን ሲሰማ ቆይቶ ወጣ። መካኒኩን «በቃ፣ ተወው» አለው። ረዳቱን ሻይ ጠጣ ብሎ ብር ሰጥቶ ላከው። ከዚያ ለሾፌሩ በርጩማ አቀረበላቸውና አጠገባቸው ቁጭ አለ። ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል አልተናገረም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሳይወርዱ ቢያድሩ ምን ይጎድልብዎታል?»

ዝም አሉ። ቆይተው ግን ዘረዘሩለት። ጭነቱ ነገ ካልደረሰ ባለንብረቱ ከኪራዩ ይቆርጣል። የባንኩ ክፍያ ደርሷል። ለሸራና ለታምቡር የሚሆን ብር በእጃቸው የለም። «ለልጁ ደግሞ መንገዱን የማስተምረው እኔ ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አብሽር ጋሼ፣ መላ አለው» አለ አለቃችን። እዚያው ሆኖ ለባለንብረቱ ደወለ። መኪናው ጋራዥ መሆኑን፣ ጭነቱ በአንድ ቀን እንደሚዘገይ ነገረው። ሰውየው አጉረመረመ እንጂ ብር እቆርጣለሁ አላለም። ቀጥሎ ከሚያውቀው መለዋወጫ ቤት ጋር ተነጋገረ። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ሊከፈል ተስማሙ። የእጅ ዋጋውንም ለመልስ አቆየላቸው።

ሾፌሩ ተነሱ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ታምቡሩ አጠገብ ተንበረከኩ። ያንኑ ስንጥቅ በጥፍራቸው ዳሰሱት። ማንም ምንም አላላቸውም።

«ይሄማ አልቆለታል» አሉ። ትንሽ ቆዩና ቀጠሉ። «ባለፈው ሳምንት ሐረጎ ላይ ሸቶኝ ነበር። ከፊቴ የሚሄድ መኪና ነው ብዬ አለፍኩት።»

«ከፊትዎ መኪና ነበረ?» አለ አለቃችን።

«አልነበረም።»

አለቃችን የቀሩትንም ጎማዎች እንዲያወርድ መካኒኩን አዘዘው። የፊት ግራው ደህና ነበር። የፊት ቀኙን ሾፌሩ ራሳቸው ቀድመው «እሱንም ቀይሩት፣ ከያዝኩት ጊዜ ጀምሮ ወደ ጎን ይስበኛል» አሉ።