«ዝርዝር የለኝም» ያለው ረዳት

ልጆቼ ጠባቸውን ራሳቸው መዳኘት ስለጀመሩ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍላችሁ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ወንዱ ሰባት፣ ሴቷ አምስት ዓመቷ ነው። ጅምሩ እንደማንኛችሁም ቤት ነበር፦ ዕቃቃ፣ በቆርኪ የሚቀዳ ቡና፣ ሐኪምና በሽተኛ። በመጨረሻ ታክሲ መጣና ሌላውን ሁሉ ዋጠው።

ወንበሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይደረደራሉ፤ የድስት ክዳን መሪ፣ ቆርኪ ገንዘብ ይሆናል። ልጄ ረዳት ሆኖ «ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት! ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል። ጣጣው መልስ ላይ ነው። ሁለት ቆርኪ ተቀብሎ አንዱን መመለስ ሲገባው ኪሱን ይደባብስና «ዝርዝር የለኝም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። በየቀኑ የምንሳፈርበትን ታክሲ ነው ቁጭ ያደረገው።

ባለቤቴ «ይህ ሌብነት ነው፤ ይቁም» አለ። እኔ አልተስማማሁም። ጨዋታውን አስቁመን ስለ ሐቀኝነት ብንሰብክ ልጁ የሚማረው እናት ስትመጣ መልስ መመለስ እንዳለበት ብቻ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ ብይ የሚጫወቱ የስዊዘርላንድ ልጆችን ተከታትሎ በ1932 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ይህንኑ ያጠናክርልኛል፦ ትንንሾቹ ሕግን ከትልቅ ሰው የመጣ፣ የማይነካ ነገር ያደርጉታል፤ ወደ 10 ዓመት ሲጠጉ ግን ተስማምተው ሊለውጡት እንደሚችሉ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ አሮጊት ሆኜ ተሳፈርኩ። «ልጄ፣ መልሴን።» «ዝርዝር የለኝም እማማ።» «እንግዲያ መድኃኒቱ ይቅርብኝ» ብዬ ወረድኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። የአሥር ዓመቷ የጎረቤት ልጅ ተነሥታ «መልሳቸውን ስጣቸው፤ አለበለዚያ ሁላችንም ወራጅ ነን!» አለች። ታክሲው ባዶ ቀረ፤ ረዳቱም ቆርኪውን እንደያዘ ፈዞ ቆመ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሕግ አወጡ፦ ዝርዝር የሌለው ረዳት ጉዞ ሳይጀመር ይናገር። እኔ ባስብ እንኳ እንዲህ ያለ ሕግ አይመጣልኝም ነበር።

ምክሬ፦ መግባት ካለባችሁ እንደ ተጫዋች ግቡ። ሲያልቅ ደግሞ «ምን ተማራችሁ?» የምትለዋን ጥያቄ ዋጧት፤ ሁለተኛ አብረዋችሁ አይጫወቱም። ለፕላስቲክ መኪናም ገንዘብ አታውጡ። እሱን አንድ ልጅ ብቻውን ይገፋዋል፤ የወንበር ታክሲ ግን ሾፌርም ተሳፋሪም ስለሚፈልግ ጭቅጭቅ አያጣም፤ እኔ የምፈልገውም ጭቅጭቁን ነው።

ብዙ አትጠብቁ፤ ብስኩት ሲካፈሉ ልጄ ዛሬም ትልቁን ነው የሚያነሣው። ትንሿም መሪውን ይዛ አታውቅም፤ «ሴት ሾፌር የለችም» ይሏታል፣ እሷም አምናለች። በዚህ ላይ አሮጊት ሆኜ ብለምንም አልሰሙኝም። አውቶቡስ የምትነዳ ሴት በዓይናቸው ቢያዩ ይሻላል፤ በሜክሲኮ በኩል በየትኛው መስመር እንደምትገኝ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።